የወጣው ዕጢ የት ገባ?

አንዲት ሴት «ማህፀንሽ ውስጥ ዕጢ አለ» ተባለች እንበል። ሐኪሙ አልትራሳውንዱን አየና «አይዞሽ፣ ማዮማ ነው» አላት። ኦፕራሲዮን ሆነች፤ ዕጢው ወጣ። ዘመድ አዝማድ አጥሚትና ብርቱካን ይዞ ጠየቃት፤ «እንኳን እግዜር አተረፈሽ» አላት። ቁስሏ ዳነ፤ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። እሰየው። አሁን ግን አንድ ጥያቄ አለኝ፦ ያ ዕጢ የት ገባ?

መልሱ «ተጣለ» ከሆነ፣ ይቺ ሴት ምን ይዟት እንደነበር በእርግጠኝነት የሚያውቅ ሰው የለም። ያከማት ሐኪምም አያውቅም። ግምቱ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ እንዲያውም ትክክል የመሆን ዕድሉ በጣም ሰፊ ነው። ቢሆንም ግምት ነው። ዕጢውን ቆርጦ፣ ቀለም ነክሮ፣ በማይክሮስኮፕ አይቶ «ይኼ ነው» ብሎ የፈረመ የለም።

ይህ ጽሑፍ ለአንዲት ወረቀት ይሟገታል። ከሴት ማህፀን የወጣ ዕጢ ሁሉ በፓቶሎጂስት ተመርምሮ ውጤቱ በጽሑፍ ሴትየዋ እጅ መግባት አለበት ባይ ነኝ። ሁሉም። ትንሹም፣ ትልቁም፣ «በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ ችግር የለውም» የተባለውም። ከሕክምናው ጋር አብሮ የሚመጣ መብት ሆኖ ሳለ፣ እኛ አገር ብዙ ጊዜ እንደ ቅንጦት፣ አንዳንዴም እንደ ጭቅጭቅ ይቆጠራል። ነገሩ ለምን እንደሚያናድደኝ ላስረዳ።

መጀመሪያ ማዮማን በነፃ እናሰናብተው

ማዮማ፣ ፋይብሮይድም ይሉታል፣ ካንሰር አይደለም። ከማህፀን ጡንቻ የሚበቅል ዕጢ ነው፤ እንደ ካንሰር ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል አይዘምትም። ደግሞ በሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ አንድ የዋሽንግተን ዲሲ ጥናት ሴቶችን አመማቸው አላመማቸው ሳይል በአልትራሳውንድ አየና፣ 50 ዓመት እስኪሞላቸው ድረስ ከጥቁር ሴቶች ከ80 በመቶ በላይ፣ ከነጭ ሴቶች ደግሞ ወደ 70 በመቶ የሚጠጉት ማዮማ እንደሚያበቅሉ አሰላ። ዲሲና አካባቢዋ ያላችሁ እህቶች ቁጥሩን ልብ በሉልኝ። ብዙዎቹ ሴቶች ማዮማ እንዳለባቸው ሳያውቁ ዕድሜያቸውን ይጨርሳሉ። የቀሩት የወር አበባቸው አልቆም ይላል፣ ደም ያንሳቸዋል፣ ሆዳቸው እንደ እርጉዝ ይገፋል፣ ሽንት ቶሎ ቶሎ ይመጣባቸዋል። አንዳንዶቹ ለመፀነስ ይቸገራሉ።

ስለዚህ ሐኪም በአልትራሳውንድ ክብ ነገር አይቶ «ማዮማ ነው» ሲል ብዙ ጊዜ ልክ ነው። ጣጣው የሚጀምረውም እዚሁ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ ልክ የሆነ ሰው ማጣራት ይሰለቸዋል።

ከዚያው ከማህፀን ጡንቻ የሚነሣ ሌላ ዕጢ አለ፤ ሌዮማዮሳርኮማ ይባላል። ስሙ ምላስ ስለሚያስር «ሳርኮማ» እያልን እንቀጥል። የማህፀን ሳርኮማ ሌሎች ዓይነቶችም አሉት፤ በብዛት የሚታየው ግን ይኼኛው ነው። ብርቅ በሽታ ነው፤ በዓመት ከ100,000 ሴቶች አንዷን እንኳ አይሞላም። የአሜሪካ የካንሰር መዝገቦች ግን በጥቁር ሴቶች ላይ ከነጮቹ ይልቅ በዝቶ እንደሚታይ ያሳያሉ። ጨካኝም ነው። ገና ከማህፀን ሳይወጣ ተይዞ ቢቆረጥም ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይመጣል፤ ሲሰራጭ በደም ሥር ተሳፍሮ ቀድሞ የሚያርፈው ሳንባ ላይ ነው።

ከሁሉ የባሰው ተንኮሉ መልኩ ነው። ደም ያፈሳል፤ ማዮማም ያፈሳል። ሆድ ይገፋል፤ ማዮማም ይገፋል። በአልትራሳውንድ ክብ ጥላ ሆኖ ይታያል፤ ማዮማም እንደዚያው። ሁለቱን በር ላይ ብታቆሟቸው የትኛው እንግዳ፣ የትኛው ሌባ እንደሆነ አይለይም።

«መሣሪያ አለ አይደል እንዴ?»

አለ። አንድ በአንድ እንየው።

አልትራሳውንድ ዕጢው የት እንዳለ፣ ምን ያህል እንደሆነ፣ ደም እንዴት እንደሚዞረው ያሳያል። የሚያጠራጥር ነገር ሊጠቁም ይችላል። ሳርኮማን ከማዮማ ለይቶ መማል ግን አይችልም።

የደም ምርመራስ? ኤልዲኤች የሚባል ኢንዛይም ሳርኮማ ባለባቸው አንዳንድ ሴቶች ከፍ ይላል። ግን በሌላ በብዙ ምክንያትም ከፍ ይላል። «ይኼ ከወጣ ሳርኮማ ነው» የሚባል አንድ የደም ምርመራ እስካሁን የለም።

ኤምአርአይ ከሁሉ ይሻላል። በደም ሥር በሚሰጥ ንጥረ ነገርና ዲፊውዥን በሚባለው አነሳስ ሲታገዝ፣ ልምድ ያለው ራዲዮሎጂስት «ይኼ ነገር አላማረኝም» ሊል ይችላል። ነገር ግን ውስጡ የሞተ ወይም ደም የቋጠረ ማዮማም በኤምአርአይ ሳርኮማ ይመስላል። ደግሞ ለእያንዳንዷ ማዮማ ላለባት ሴት ኤምአርአይ ይነሣ ቢባል እኛ ጋ ወረፋው ስንት ዓመት እንደሚሆን አስቡት።

ከማህፀን ውስጠኛ ሽፋን ተፍቆ የሚወሰድ ናሙናም አለ። በተለይ ዕድሜዋ ገፋ ያለች፣ ደሟ ከወትሮው ውጭ የሆነባት ሴት ከኦፕራሲዮን በፊት ይኼን ማድረጓ ግድ ነው፤ የማህፀን ሽፋን ካንሰርን ይይዛል፣ አንዳንዴ ሳርኮማንም ያገኛል። ሳርኮማ ግን የሚበቅለው ከጡንቻው ውስጥ ነው። ፍቂያው ከሽፋኑ ስለሆነ ሳይነካው ሊያልፍ ይችላል። «ናሙናው ንጹሕ ነው» ማለት «ዕጢው ንጹሕ ነው» ማለት አይሆንም።

አንድ የቆየ ወሬም አለ፦ «በፍጥነት ካደገ ካንሰር ነው፣ ቀስ ብሎ ካደገ ማዮማ ነው።» ይህን ወሬ እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣ ጥናት ፈትኖታል። ማዮማ ተብለው ኦፕራሲዮን ከሆኑ 1,332 ሴቶች መካከል 371ዱ ዕጢያቸው በፍጥነት አድጎባቸዋል። ከእነዚህ ከ371ዱ ሳርኮማ የተገኘባት አንዲት ብቻ ናት። ወሬው ስንቷን ሴት በከንቱ አስደንግጧል! በተቃራኒው ደግሞ ዕጢዋ ያላደገባትን ስንቷን ያለ ምክንያት አረጋግቷል! ከዚህ ይልቅ ጆሮ ሊሰጠው የሚገባው ሌላ ነው። ካረጠች በኋላ የሚያድግ ዕጢ፣ ካረጠች በኋላ የሚመጣ ደም፣ በፊት ለሌላ ካንሰር ከወገብ በታች የተሰጠ ጨረር። ለጡት ካንሰር ለዓመታት ታሞክሲፈን የዋጠች ሴትም ትታሰብ፤ መድኃኒቱ የማህፀን ሳርኮማን ጨምሮ የማህፀን ካንሰር አደጋን ከፍ ስለሚያደርግ ማስጠንቀቂያ ተጽፎበታል። ይህን አንብባችሁ ታሞክሲፈናችሁን እንዳታቋርጡ። ሕይወት የሚያተርፍ መድኃኒት ነው። ደም ከታየ ግን ለሐኪም ይነገር።

ታዲያ በመጨረሻ ማን ነው የሚያውቀው? ፓቶሎጂስቱ። እሱም ቢሆን በቀላሉ አይደለም። መጀመሪያ ዕጢውን በቢላ ይከፍለዋል። ማዮማ ሲከፈል ጠንካራ፣ ነጭ፣ እንደ ተጠቀለለ የክር ኳስ የተገመደ ነው። ሳርኮማ ብዙ ጊዜ ይለሰልሳል፣ ቢጫና ደም የመሰለ ቦታ ይኖረዋል፣ ግምዱ ይጠፋል። ከዚያ ከተለያየ ቦታ እየቆረጠ በማይክሮስኮፕ ያያል። እ.ኤ.አ. በ1994 ከስታንፎርድ የወጣ፣ 213 አጠራጣሪ ዕጢዎችን የፈተሸ ሥራ ሦስት ነገር ፈልጉ ብሎ አስቀምጧል፦ የሴሎቹ አስኳል ምን ያህል ተዛብቷል? በመከፈል ላይ ያሉ ሴሎች ስንት ናቸው? ዕጢው ውስጥ የሞተው ሥጋ የሞተው በምን ዓይነት አሟሟት ነው? ብዙ ጊዜ ከሦስቱ ሁለቱ ከተሟሉ ሳርኮማ ይባላል። ወዲያም ወዲህም የማይል ዕጢ ሲገጥም ደግሞ «ባሕርይው ያልታወቀ» ተብሎ ይመዘገባል፤ ሴትየዋም ለዓመታት ክትትል ላይ ትቆያለች።

እንግዲህ አስቡት። የዚህ ሙያ ሊቃውንት በማይክሮስኮፕ እየቆጠሩ የሚጨቃጨቁበትን ነገር፣ አንድ ሰው ኦፕራሲዮን ክፍል ቆሞ በባዶ ዓይኑ «ማዮማ ነው፣ ጣሉት» ይላል። ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል የሚለው ተረት እዚህ ቦታ አይሠራም።

ቦስተንም ስትሳሳት

«ይኼ የድሃ አገር ችግር ነው» የሚል ካለ ወደ ቦስተን ልውሰደው። ኤሚ ሪድ የሰመመን ሐኪም ናት፣ የስድስት ልጆች እናት። ባሏ ሁማን ኑርቻሽም የልብና የደረት ቀዶ ሐኪም ነው። ሁለቱም የሃርቫርድ ማስተማሪያ ሆስፒታሎች ውስጥ ይሠሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2013 ኤሚ በ40 ዓመቷ ማዮማ ነው ተብላ በብሪገም ኤንድ ዊሜንስ ሆስፒታል ኦፕራሲዮን ሆነች። ኦፕራሲዮኑ በትንንሽ ቀዳዳ የሚሠራው ዓይነት ነበር። ትልቅ ነገር በትንሽ ቀዳዳ እንዴት ይወጣል? ሞርሴሌተር በሚባል ማሽን። በፍጥነት የሚሽከረከር ምላጭ ዕጢውን እዚያው ሆድ ውስጥ ይከታትፈውና ቁርጥራጩ ይወጣል።

ከቀናት በኋላ የፓቶሎጂ ውጤት መጣ፤ ሳርኮማ። ማሽኑ የከታተፈው ካንሰር ነበር። የተከታተፈ ካንሰር ደግሞ በሆድ ውስጥ እንደ ዘር ይበተናል።

ባልና ሚስቱ ዝም አላሉም። ጻፉ፣ ጮኹ፣ ባለሥልጣን ደጅ ጠኑ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2014 የተከማቸውን ጥናት መርምሮ አንድ ቁጥር አወጣ፦ ማዮማ ተብለው ኦፕራሲዮን ከሚሆኑ ሴቶች ከ350 አንዷ ያልታወቀ ሳርኮማ አላት። ሌዮማዮሳርኮማ ብቻውን ሲቆጠር ከ498 አንዷ። በዚያው ዓመት በሐምሌ ትልቁ አምራች ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን ማሽኑን ከገበያ ሰበሰበ፤ በኅዳር ባለሥልጣኑ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ እንዲለጠፍበት አዘዘ። ኤሚ ሪድ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 በ44 ዓመቷ አረፈች።

በቁጥሩ ላይ ክርክር ተነሥቷል፤ መደበቅ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ሌላ ትንተና ሌዮማዮሳርኮማው ከ2,000 አንድ ገደማ ነው ብሏል። ብዙ የማህፀን ሐኪሞችም «ሆድ ተከፍቶ የሚሠራ ኦፕራሲዮን የራሱ አደጋ አለው፤ ይደማል፣ ያመረቅዛል፣ ደም ይረጋል፤ ሁሉንም ሴት ወደዚያ መመለስ ሌላ ጉዳት ነው» አሉ። ሞኝ ክርክር አይደለም። ዛሬ አሜሪካ የደረሰችበት መሀል መንገድ ማሽኑ ለተመረጡ ሴቶች ብቻ፣ ያውም ዕጢው ከረጢት ውስጥ ገብቶ እንዲከተፍ የሚል ነው።

እኔ ከዚህ ታሪክ የምወስደው ግን ከማሽኑ ይልቅ ሌላ ነገር ነው። ኤሚ ሪድ ምን እንደያዛት በቀናት ውስጥ ያወቀችው ለምንድን ነው? የወጣው ቁርጥራጭ ሁሉ፣ ማንም ሳርኮማ ብሎ ሳይጠረጥር፣ እንደ ደንቡ ወደ ፓቶሎጂ ስለሄደ ነው። ያ ከ350 አንድ የሚለው ቁጥርስ ከየት መጣ? ከተመረመሩ ዕጢዎች ነው። ያልተመረመረ ዕጢ ቁጥር ውስጥ አይገባም። ዕጢው በሚጣልበት አገር ሳርኮማ ሁልጊዜ «በጣም ብርቅ» ነው። ካልፈለጉት ነገር ይበልጥ ብርቅ ምን አለ?

የፌስታሉ ጉዞ

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ሞርሴሌተር የእኛ ዋና ችግር አይደለም። እኛ ጋ ኦፕራሲዮኑ በአብዛኛው ሆድ ተከፍቶ ነው፤ ዕጢው እንዳለ ይወጣል። በዚህ በኩል ሳናስበው ከቦስተን የተሻለ ዕድል አለን፦ ያልተከታተፈ፣ ሙሉ፣ ለመመርመር የተመቸ ዕጢ። ምን እናደርገዋለን?

አንዳንዱ ቦታ ይጣላል። አንዳንዱ ቦታ ነርሷ ወጥታ «የታካሚዋ ቤተሰብ ማነው?» ትላለች፤ ወንድምየው ወይም ባልየው ብድግ ሲል አንድ ብልቃጥና የምርመራ መጠየቂያ ወረቀት ትሰጠዋለች። «ይኼን ላቦራቶሪ አድርሱ።» የትኛው ላቦራቶሪ? በስንት? ዛሬ ክፍት ነው? እሱ ፈልጎ ያገኘዋል። የሚስቱን ዕጢ በፌስታል አንጠልጥሎ ታክሲ ውስጥ ይገባል። ገንዘቡን ለኦፕራሲዮኑ ጨርሶ ከሆነ ብልቃጡ ቤት ያድራል። ምናልባት ይከርማል።

ብልቃጡ ውስጥ ያለውስ? ዕጢ እንዳይበሰብስ ፎርማሊን ያስፈልገዋል፤ ያውም ከዕጢው ወደ አሥር እጥፍ የሚሆን። ትልቅ ዕጢ ደግሞ ፎርማሊኑ ወደ ውስጥ እንዲገባ ቀድሞ መሰንጠቅ አለበት። የጭንቅላት ያህል ዕጢ በጠባብ ዕቃ ተጠቅጥቆ፣ ፎርማሊን ጠብ ተደርጎበት ከተላከ ውጩ ደርቆ ውስጡ ይበሰብሳል። ያኔ ፓቶሎጂስቱ የሚቆጥራቸው በመከፈል ላይ ያሉ ሴሎች ቀንሰው ይታያሉ፤ የሞተውም ሥጋ በካንሰር ይሙት በመበስበስ አይለይም። በሌላ አነጋገር ዕጢው ተልኳል፣ ተከፍሎበታል፣ ግን አፉን ይዞ ደርሷል።

ብዙ ጊዜ ደግሞ ውጤቱ ወጥቶ ፈላጊ ያጣል። ሴትየዋ ቁስሏ ድኗል፤ ስልክ የደወለላት የለም፤ የመጣችው ከሩቅ ገጠር ነው። ወረቀቱ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። በላዩ የተጻፈው «ማዮማ» ከሆነ ማንም አልተጎዳም። ካልሆነስ?

በተለይ አንድ ነገር አስቡልኝ። ገና መውለድ የምትፈልግ ወጣት ሴት ማህፀኗ አይወጣም፤ ዕጢው ብቻ ተለቅሞ ማህፀኗ ይተዋል። ያ የተለቀመው ሳርኮማ ከነበረ የበቀለበት ማህፀን አሁንም ውስጧ ነው። የሚነግራት ከሌለ «ማዮማዬ ወጥቶልኛል» ብላ ለማርገዝ ትሞክራለች። ከጊዜ በኋላ ዕጢው ሲመለስ «ማዮማ እኮ ይመለሳል» ትባላለች። እውነት ነው፣ ማዮማ ይመለሳል። ያ እውነት ነው ሁለተኛ ጊዜ የሚሸፍነው።

የሚሉኝን አውቃለሁ

«ፓቶሎጂስት የለም እኮ!» ትክክል፤ ከ100 ሚሊዮን ለሚበልጥ ሕዝብ ያሉን ጥቂቶች ናቸው፤ እነሱም በአብዛኛው አዲስ አበባና ትልልቅ ከተሞች ናቸው። ለዚህ መፍትሔው ግን የሥራ ጫናውን በመጣል መቀነስ ነው እንዴ? ዕጢ ከሰው በተለየ ፎርማሊን ውስጥ በደንብ ከገባ መንገድ ይችላል። ከወረዳ ሆስፒታል ሴትየዋን አዲስ አበባ ከማምጣት ዕጢዋን በሥርዓት መላክ ይቀልላል። የአክታና የደም ናሙናን በፖስታ ከከተማ ከተማ ማመላለስ የቻለ አገር ይኼንንም ይችላል።

«ውድ ነው።» ለማን? ክፍያው ለብቻው፣ ኦፕራሲዮኑ ካለቀ በኋላ፣ ኪሱ ለተራቆተ ቤተሰብ ሲቀርብ አዎ ውድ ነው። ከኦፕራሲዮኑ ዋጋ ውስጥ ይካተት። የክሩን፣ የጓንቱን፣ የሰመመኑን ዋጋ ለብቻው «ትፈልጊያለሽ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። ፓቶሎጂውም እንደ ክሩ የኦፕራሲዮኑ አካል ነው።

«ሳርኮማ ቢሆንስ ምን ልናደርግላት ነው?» ይኼኛው ነው ደሜን የሚያፈላው። ብዙ ነገር! ሳንባዋ ይታያል፤ የቀረ ማህፀን ካለ ይወጣል፤ ኬሞቴራፒ ያስፈልጋት እንደሆነ ይታሰባል፤ ክትትል ትይዛለች። ምንም ባይኖር እንኳ ልጆቿን፣ ሥራዋን፣ ዕድሜዋን በምን ሒሳብ እንደምታቅድ የማወቅ መብት አላት። የማዳን አቅም ማነስ የመደበቅ ፈቃድ አይሰጥም።

«ሴቶችን ለምን ታስፈራላችሁ?» ያልተነገራት ሴት አትፈራም ያለው ማነው? ፍርሃቱን ዝም ስንል የሚወርሰው ቲክቶክ ነው። «ማዮማን ያለ ኦፕራሲዮን እናቀልጣለን» የሚለው ሻጭ ስልኳ ላይ ሌት ተቀን አለ። እሱ ዕጢውን ማይክሮስኮፕ ላይ የሚያስቀምጥበት ቀን መቼም አይመጣም። ሐኪሙ ዕጢውን በእጁ ይዞ ከጣለው ግን፣ በዚያች አንዲት ነገር ከሻጩ በምን ይሻላል?

ብርቅ ማለት የማይድን ማለት አይደለም

ሌላ ብርቅ የማህፀን ዕጢ ልጨምር፤ ነገሩ ለሳርኮማ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሞላር እርግዝና የሚባል አለ፤ ፅንሱ ሳይሆን እንግዴ ልጁ ነው ያለ ልክ የሚያድገው፣ እንደ ወይን ዘለላ እያበጠ። «አስወረዳት» ይባልና ማህፀኗ ይጠረጋል። ሙሉ በሙሉ ሞላር ከሆነው እርግዝና በኋላ ከ100 ሴቶች በ15 እስከ 20ዎቹ ላይ ርዝራዡ እንደገና ያድጋል፤ ከነዚያ ውስጥ ጥቂቱ ኮሪዮካርሲኖማ የሚባል ካንሰር ይሆናል። ይህ ካንሰር ሳንባ ይደርሳል፤ ደም ያስላል። ደም የምታስል ሴት እኛ አገር መጀመሪያ ምን እንደምትባል ታውቃላችሁ፤ ቲቢ።

አሁን ስሙኝ። ይህን ዕጢ ለመጠርጠር የሚያስፈልገው ምርመራ በየፋርማሲው የሚሸጠው የእርግዝና ምርመራ የሚፈልገው ያው ሆርሞን ነው። ዕጢው ኤችሲጂ ያመነጫል፤ በደም ቢለካ በየሳምንቱ እየወረደ ይሁን እየወጣ ይታያል። መድኃኒቱም አለ። እ.ኤ.አ. በ1956 ሚን ቹ ሊ እና ሮይ ኸርትዝ የሚባሉ ሐኪሞች የተሰራጨ ኮሪዮካርሲኖማ ያለባቸውን ሴቶች ሜቶትሬክሴት በሚባል መድኃኒት መፈወስ ጀመሩ። ጠጣር ዕጢ ያለው ካንሰር በመድኃኒት ብቻ ሲድን ያኔ የመጀመሪያው ነበር። ዛሬ ከእነዚህ ሴቶች ከ90 በመቶ በላይ ይድናሉ፤ ብዙዎቹ ማህፀናቸውም ሳይወጣ፣ በኋላም ወልደው።

ሊድን የሚችለውን ይህን ሁሉ የሚያበላሸው አንድ ነገር ነው፦ የተጠረገው ሥጋ ሳይመረመር መጣሉ። ሞላር መሆኑ ካልታወቀ «ኤችሲጂሽን በየሳምንቱ ተለኪ፣ ለጊዜው አታርግዢ» የሚላት ማን ነው?

እንግዲህ

ሐኪሞቻችንን እየሰደብኩ አይደለም። በአንድ ቀን ስንት ሆድ እንደሚከፍቱ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ጓንት አልቆ እንዴት እንደሚሠሩ ይታወቃል። የምጠይቀው ግን በእጃቸው ያለውን ነው። የሚወጣው ዕጢ ከመጠየቂያ ወረቀቱ ጋር በሆስፒታሉ በራሱ ይላክ፤ የታካሚ ባል ተላላኪ መሆኑ ይቅር። ወረቀቱ ላይ ዕድሜዋ፣ ማረጧና አለማረጧ፣ የምትወስደው መድኃኒት ይጻፍ፤ ባዶ ወረቀት የሚያነብ ፓቶሎጂስት ዓይኑ ታስሮ ነው የሚሠራው። ውጤቱ ሲመጣ የሚደውል ሰው በስም ይመደብ። ጤና ሚኒስቴርም ይህን ምክር አድርጎ ከመተው የሆስፒታል ፈቃድ መስፈርት ያድርገው።

እናንተ ደግሞ፣ ለራሳችሁ፣ ለእናታችሁ፣ ለእህታችሁ፣ ለሚስታችሁ ጠይቁ። ከኦፕራሲዮኑ በፊት፦ «ዶክተር፣ ደሟ ከወትሮው ውጭ ስለሆነ የማህፀን ሽፋን ናሙና አያስፈልግም ወይ?» «ዕጢው የሚወጣው እንዳለ ነው ተቆርጦ? ተቆርጦ ከሆነ ከረጢት ውስጥ ነው?» «ለፓቶሎጂ የሚልከው ማን ነው?» ከኦፕራሲዮኑ በኋላ፦ «ውጤቱ መቼ ይደርሳል? ኮፒው ይሰጠኛል?» የሚቆጣ ሐኪም ሊያጋጥማችሁ ይችላል። ይቆጣ። በትሕትና ድገሙት።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንላለን። ይህን ተረት ሁልጊዜ የምንተርተው በታማሚ ላይ ነው፤ አፍራ ዝም ባለች፣ ዘግይታ በመጣች ሴት ላይ። እዚህ ግን እሷ አልደበቀችም። መጣች፣ ተናገረች፣ ከፈለች፣ ሆዷን ለቢላ ሰጠች። በሽታው ከሰውነቷ ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ማየት ብቻ ነበር የቀረው። ስለዚህ ተረቱን ለባለቤቱ እንመልስለት፤ እናንተም የውጤት ቀጠሮውን በጽሑፍ ሳትይዙ ከሆስፒታሉ ግቢ አትውጡ።